አሮጌው ብራውዘር ሲነቀል

ሰዓት ሠሪው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ላፕቶፕ እንደተጣላው ሰው ትክ ብሎ ያየዋል። «ብራውዘርዎ አሮጌ ነው፤ እባክዎ ያድሱ» ይላል ገጹ። ይህን ሲለው ሦስተኛ ጊዜው ነው።

«አሁንም ያንኑ ነው?» አለች ታናሽ እህቱ ከጀርባው።

«ያንኑ ነው።»

እህቱ ለአዋላጅ ነርስነት ፈተና መመዝገብ አለባት። ምዝገባው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ካመለጣት ቀጣዩ ከዓመት በኋላ ነው። የራሷ ስልክ ወድቆ ስክሪኑ ከጠቆረ ወዲህ ተስፋዋ ይህ ላፕቶፕ ብቻ ነው። እርጅና የተጫነው ዕቃ ስለሆነ ወንድሟ ባለፈው ዓመት ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ጭኖበታል። «ነፃ ነው፣ ቀላል ነው፣ ቫይረስ አያውቀውም» እያለ ሰዓት ሊያስጠግን ለመጣ ሁሉ ሲሰብክ ከረመ። ዛሬ ግን ከዚያ ሁሉ ስብከት አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣችም።

ሌላ ብራውዘር ልጫን ብሎ የጀመረው ከምሳ በኋላ ነበር። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፈተ። የይለፍ ቃል ጠየቀው፤ ጻፈ፤ ኮከብም ነጥብም አልታየም። ኪቦርዱ ሞቷል ብሎ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በብሩሽ ሲጠርግ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። የይለፍ ቃሉ ሲጻፍ እንደማይታይ የገባው ተስፋ ቆርጦ በጭፍን ጽፎ ኤንተር ሲመታ ነው። ከዚያ ደግሞ ኔትወርኩ እየተንፏቀቀ ሌላ አንድ ሰዓት በላ።

አሁን አዲሱ ብራውዘር ተጭኗል፤ ታድሷልም። እህቱ ዴስክቶፑ ላይ ያስቀመጠችውን የምዝገባ ሊንክ በተጫነ ቁጥር ግን የሚከፈተው ያው አሮጌው ነው።

«አዲሱን ራሱን ከፍተህ አድራሻውን ብትጽፍበትስ?» አለችው።

«እኔን ልታስተምሪኝ ነው? አሮጌው ጥርስ ሳይወጣ አዲሱ ጥርስ አይገባም። በሰዓትም እንደዚያ ነው። ሥሩን ነቅዬ ነው የምጥለው።»

«ኧረ ተው ወንድምዬ፣ እሱን አትንካው!»

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ፤ አሮጌውን ብራውዘር ነቀለው። እንዳይመለስ ብሎ የተረፈውን ፎልደር እንኳ ሳይቀር ሰረዘ። ሊንኩን ሲጫን አዲሱ ብልጭ አለ። ገጹም ያለ አንዳች ማጉረምረም ተከፈተ።

«አየሽ?» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ገጹ የይለፍ ቃል ጠየቀ።

«ስንት ነው?»

እህቱ ፊቷ ተለዋወጠ። «እኔ ምን አውቄ! ያ አሮጌው ነበር የሚያስታውስልኝ። ያን ረጅሙን፣ ራሱ የመረጠልኝን...» ወደ ወንድሟ ዞረች። «የቆጡን አወርድ ብለህ የብብቴን ጣልክብኝ!»

የይለፍ ቃሉን ለመቀየር በስልክ የሚላክ ቁጥር ያስፈልጋል፤ እሷ ደግሞ አካውንቱን ስትከፍት ገና ስልክ ስላልነበራት ያስመዘገበችው የአክስታቸውን ነው። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ሰዓቶች በትክክል የሚሠራው አንዱ ብቻ ነበር፤ እሱም ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ይላል። እህቱ ቁጥሩ እንዲላክ ጠይቃ የወንድሟን ስልክ ነጥቃ ለአክስታቸው ደወለች።

«እትዬ፣ ስድስት ቁጥር ያለው መልእክት መጥቶልዎታል፤ ቶሎ ያንብቡልኝ።»

«ቆይ መነጽሬን... አዎ፣ መጥቷል። 'ይህን ቁጥር ለማንም አይንገሩ' ይላል።»

«ለእኔ ይንገሩኛ!»

«ለማንም ነው የሚለው ልጄ። ጎረቤቴን ሌቦች ያራቆቷት በእንዲህ ያለ ቁጥር ነው። ድምፅሽም ዛሬ ሌላ ሆኖብኛል።»

«ስላለቀስኩ ነው እትዬ!»

«ሌባም ያለቅሳል።»

በዚህ ክርክር መሃል የቁጥሩ ጊዜ አለፈና ሌላ አስላኩ። ስምንት ደቂቃ ቀረ። ሰዓት ሠሪው ስልኩን ከእህቱ እጅ ወሰደ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ። የወንድምዎ ልጅ፣ ሰዓት ሠሪው።»

«እሱንም ሌባ ሊለው ይችላል።»

እህቱን በጎን አያት፤ ጉንጯን በእጅጌዋ እየጠረገች ነው።

«እትዬ... ጥፋቱ የእኔ ነው። አትንካው እያለችኝ ነካሁት። እሷ ያለችው ልክ ነበር፤ እኔ ነኝ በእልህ ያበላሸሁት።»

የአክስቱ ድምፅ ቀረብ ብሎ መጣ።

«እስቲ ድገመው።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ጥፋትህን ስታምን ሰምቼህ አላውቅም፤ አንተን መስሎ ሊያታልለኝ የሚመጣ ሌባ ይሄን አያስበውም» አሉ አክስቱ። «በል እርሳስ ያዝ።»

እሱ ቁጥሩን ሲጠራ እህቱ ጻፈች፤ የይለፍ ቃሉን ቀይራ ቅጹን መሙላት ጀመረች። ማውሱን ሊያግዛት እጁን ሲዘረጋ «እጅህን!» ብላ ጮኸችበት፤ ሁለቱንም እጆቹን ጭኑ ሥር ከቶ ተቀመጠ። ሦስት ደቂቃ ሲቀረው የምዝገባ ቁጥሯ መጣ። ወረቀት እስኪፈለግ አልጠበቀችም፤ መዳፏ ላይ ጻፈችው።

ከዚያ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች።

«ለእትዬ ነግረሃቸዋል» አለችው። «አሁን ደግሞ ለእኔ።»