ኮት የለበሰ የሙዝ ግንድ

ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ፤ ከትናንት የተረፈውን ዳቦ በሻይ በላሁ፤ ፊሽካዬንና የስም ዝርዝሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከላይኛው ሰፈር፣ ከሴቻ፣ በባጃጅ ቁልቁል ወረድኩ። ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ስደርስ ሙዝ የሚጭኑ አይሱዙዎች መንገዱን ዘግተውት ስለነበር የቀረውን በእግሬ ሄድኩ።

ረዳቴ ጋሽ ሲላስ ቀድመውኝ የማሠልጠኛው ሜዳ ላይ ደርሰዋል። ፍሬያቸው የተቆረጠ የሙዝ ግንዶችን ከማሳቸው ቆርጠው አምጥተው አሮጌ ኮት ያለብሷቸዋል።

"እህቴ ሚሪያም፣ የዛሬዎቹ ወፍራሞች ናቸው" አሉኝ። "ይሄኛው እንዲያውም ቦርጭ አለው።"

የተማርኩት ሥነ ልቦና ነው። የማሠልጥነው ግን ሹፌሮችን ነው፤ እየነዱ ስልክ እንዳያነሱ። ኮት የለበሰው ግንድ ባለ ጎማ ጣውላ ላይ ይቆማል። ጋሽ ሲላስ ከአሮጌ ጎማ ክምር ጀርባ ሆነው ገመዱን ይይዛሉ። እኔ ፊሽካ እነፋለሁ፤ ሹፌሩ በሠላሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይነዳል፤ መሃል ላይ እደውልለታለሁ። እያናገረኝ ሳለ ገመዱ ይሳባል፤ ግንዱም መንገዱ ውስጥ ይገባል። የሙዝ ግንድ የመረጥነው ውስጡ ውሃ ስለሆነ ነው። ሲገጭ ይፈነዳል። ፈሳሹ መስታወቱ ላይ ይረጫል፤ ልብስ ከነካ ደግሞ ታጥቦ የማይለቅ ጥቁር እድፍ ይሆናል። ሹፌሮቹ እድፉን ቤታቸው ይዘው ይሄዳሉ።

ሕጋችን አንድ ነው። ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ማንም መንገዱ ውስጥ አይገባም። ችግር ካለ ጋሽ ሲላስ እጃቸውን ያነሳሉ፤ እኔ ሁለት ጊዜ እነፋለሁ፤ መኪናው ይቆማል። ስለዚህ ዓይኔ ከእሳቸው መነቀል የለበትም።

የዚያን ቀን ሠልጣኞቹ አሥራ ሁለት ነበሩ። ሐሳቤ ግን አንዱ ላይ ነበር፤ ዘርአብሩክ ላይ። አዲስ አበባ ሙዝ ሲያመላልስ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ "ደላላው መንገድ ላይ ካልደወለልኝ የት እንደማራግፍ በምን አውቃለሁ? ስልክ ካላነሳሁ ሙዙ ላዬ ላይ ይበስላል" ብሎ ክፍሉን አስቆት ነበር። ይህ ሰው ከዚህ ሜዳ ስልኩን ማስቀመጥ ሳይማር ከወጣ አንድ ቀን ሰው እንደሚገድል አምን ነበር።

መጀመሪያ የነዳው ኢሳያስ ነው፤ ዝምተኛ ልጅ። ስደውልለት "ሄሎ" አለ፤ ግንዱ ገባ፤ ገጨው። ግንዱ ከወገቡ ተቆረጠ። ላይኛው ግማሽ ከነኮቱ መስታወቱን መትቶ በጣሪያው ላይ ተሻገረ።

"ደላላውን ገደልከው!" ብለው ሹፌሮቹ ጮኹ።

"ይበለው! ስንቴ ሻሸመኔ ብሎ ሀዋሳ ሰዶኛል!" አለ ሊሻን የሚባለው።

ኢሳያስ አልሳቀም። ወርዶ የተሰነጠቀውን ግንድ ቆሞ አየ።

የዘርአብሩክ ተራ ሲደርስ ደወልኩለት።

"አቤት ቲቸር፣ ምን ልታዘዝ?"

"ትናንት ማታ ምን በላህ?"

"የዓባያ ዓሣ ነዋ! ጥብስ፣ ከ... ኧረ ሰውዬዎ መጡ!"

ፍሬኑን ረገጠ። ከግንዱ አንድ ክንድ ቀርቶት ቆመ። ሹፌሮቹ አጨበጨቡ። ዘርአብሩክ ወርዶ ለግንዱ እጅ ነሳና ኮቱን አቃናለት።

"ቲቸር፣ ሟቹ ተርፈዋል። የሥልጠና ወረቀቴን ይፈርሙልኝ።"

"አንድ ጊዜ ነው ያለፍከው።"

ጠጋ አለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ባለቤትዎ በዚሁ በስልክ ነገር ነው የሞቱት ይባላል" አለ።

"አዎ። ምዕራብ ዓባያ አጠገብ።"

"ሹፌር ነበሩ?"

"ሞተር ነበር የሚነዳው።"

"ማን ደውሎላቸው ነው?"

"ሰው" አልኩት። "ግባና አስነሳ። እንደገና ትነዳለህ።"

ተናድጄ ነበር። እንዲገጭ ፈለግሁ፤ ግንዱ እፊቱ ላይ እንዲፈነዳ፣ እድፉ ሸሚዙ ላይ እንዲቀር ፈለግሁ። ስለዚህ ላለመደወል ወሰንኩ። ማንበብ የሚያስገድደውን መልእክት ልልክለት ነው፤ ልክ ደላላው እንደሚጽፈው።

ፊሽካውን ነፋሁ። መኪናው ተነሳ። አጎንብሼ "ማራገፊያው ተቀይሯል" ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። አንድ ፊደል ተሳሳትኩ፤ አጠፋሁት፤ እንደገና ጻፍኩት።

በዚያው ቅጽበት የጋሽ ሲላስ ገመድ ድንጋይ ይዞት ኖሯል። ኢሳያስ በኋላ እንደነገረኝ መጀመሪያ አንድ እጃቸውን፣ ቀጥሎ ሁለቱንም አነሱ። ስሜንም ጠሩ። የሞተሩ ጩኸት ዋጠው። እኔ ወደ ስልኬ አንገቴን ስደፋ ራሴን ነቅንቄ እሺ ያልኳቸው መሰላቸው። መኪናው የሚቆም መስሏቸው ገመዱን ከግንዱ አጠገብ ሊያላቅቁ መንገዱ ውስጥ ገቡ።

መልእክቱን ላክሁ።

የሰማሁት ሁለት ድምፅ ነው። አንዱ የግንዱ ነበር፤ አውቀዋለሁ፤ እርጥብ ነው። ሁለተኛው ደረቅ ነበር።

ቀና ስል ጋሽ ሲላስ ከፊተኛው ጎማ ሥር ነበሩ። የግንዱ ውሃና ደማቸው አንድ ላይ አፈሩን እያራሰ ይሄድ ነበር። እግራቸው መዞር በማይገባው በኩል ዞሯል፤ አጥንቱ ሱሪያቸውን ቀዶ ወጥቷል። አልጮሁም። "እጄን አንስቼ ነበር እኮ" አሉኝ።

ዘርአብሩክ ዘሎ ወረደ። ስልኩ እጁ ላይ ነበር፤ የጻፍኩት ቃል እንደበራ። ስልኩን እስኪደቅ ድረስ ከመኪናው መወጣጫ ብረት ጋር ቀጠቀጠው፤ ከዚያ ግንባሩን ያጋጨው ጀመር። ሊሻን ጉሮሮውን አንቆ መሬት ላይ ጣለው።

"ገደልከው! አንተ ከብት፣ ገደልከው!"

በቡጢ አፉን መታው፤ ደገመው። ሦስተኛው ላይ ጥርስ ሲሰበር ሰማሁ። ዘርአብሩክ እጁን እንኳ አላነሳም።

"ተወው!" አልኩ። "ሊሻን፣ ተወው! እኔ ነኝ!"

የሰማኝ የለም።

ኢሳያስ ቀበቶውን ፈትቶ የጋሽ ሲላስን እግር ከጉልበታቸው በላይ አሠረና በጉልበቱ ተጭኖ አጠበቀው። ያን ጊዜ ጮኹ። ጭነት ማስቀመጫው ላይ የሙዝ ቅጠል አንጥፈን ሆስፒታል አደረስናቸው። መንገዱን ሁሉ ጭንቅላታቸውን ይዤ ነበር። በየጉድጓዱ ሲነጥረን እጄን ይነክሱ ነበር።

ባለቤታቸው ዓለሚቱ ከገበያ ሮጠው መጡ። የተፈጠረውን ነገርኳቸው።

"ዓይንሽ የት ነበር?" አሉኝ።

"ስልኬ ላይ።"

በጥፊ መቱኝ። ሲደግሙኝ መነጽሬ ወድቆ ተሰበረ። ከንፈሬ ደማ። ነርሷ ልትይዛቸው ስትመጣ "ተዪያቸው" አልኳት።

ፖሊስም ማሠልጠኛው ያቋቋመው ኮሚቴም ይህንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። ያንኑ መለስኩ። ጽፌም ፈረምኩበት።

ዘርአብሩክ ከጉዳዩ ነፃ ከወጣ በኋላ ወደ አዲስ አበባው መንገድ ተመለሰ። ስልክ አይይዝም። ደላላው ሲፈልገው ለረዳቱ ይደውላል፤ ረዳቱም ከመኪናው ወርዶ ያናግረዋል። ኢሳያስ ነው የነገረኝ። ያን ቀን ጠዋት የፈለግሁት ይህንን ነበር፤ አግኝቻለሁ።

የጋሽ ሲላስ ቀኝ እግር ከጉልበት በታች የለም።