ይታያል የተባለው ካርታ

ካርታ ሠሪው ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ አብልጠህ የምትንቀው ማንን ነው ቢባል መልሱ ይቸግረው ነበር። ከማን ይጀምር? የኮምፒውተር ጥገናው ኃላፊ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ አጥፍቶ ማብራት። ጸሐፊዋ በሁለት ጣት ነው የምትጽፈው። የኮሚቴው ሰብሳቢማ ይባስ ብሎ ኢሜይሉን አሳትሞ የሚያነብ ጉድ ነው። ሁሉም የሚጠቀሙት ማሽኑ ሲገዛ አብሮት የመጣውን ሲስተም ሲሆን፣ እሱ ግን የራሱን ከኢንተርኔት እየለቃቀመ በገዛ እጁ የገጣጠመ ሰው ነው። ባልደረቦቹ "ብቻዬን" ይሉታል፤ ምን እናግዝህ ሲሉት መልሱ ሁሌ እሷ ናትና። እሱ ደግሞ እንደ ማዕረግ ቆጥሯት ደረቱን ይነፋባታል፤ ሞኝ!

ሐሙስ ኮሚቴው በቪዲዮ ተሰብስቦ የጎርፍ ማስወገጃውን ቦይ ሊያጸድቅ ነው። ነባሩ ዕቅድ ቦዩን ከዳገቱ ቀጥ አድርጎ ያወርድና ጤና ጣቢያው ጀርባ፣ ማዋለጃ ክፍሉ ግድግዳ ሥር ይለቀዋል። ይህን ያየው ካርታ ሠሪው ብቻ ነበር። የመሬቱን ከፍታ ነጥብ በነጥብ አመሳክሮ፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ውሃውን አልጋዎቹ ድረስ እንደሚያስገባው አረጋገጠ። ቦዩን በባዶው ሜዳ አዙሮ የሚወስድ ሌላ መስመርም ሠራ። ልቡ ያበጠ ይሁን እንጂ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ሥራው እንከን አልነበረውም። ኮሚቴው እጅ ያለው ግን የነባሩ መስመር ወረቀት ብቻ ስለሆነ፣ አዲሱን በስክሪን ማሳየት አለበት።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። የስብሰባው ፕሮግራም በእሱ ሲስተም ላይ ድምፅና ፊት ያስተላልፋል፤ ስክሪን አጋራ ሲሉት ግን ጥቁር ነገር ዘርግቶ ቁጭ ይላል። ሰኞ የፕሮግራሙ ድርጅት ጋ ደወለ።

"የእርስዎ ሲስተም አይደገፍም፤ ሌላ ኮምፒውተር ይጠቀሙ" አለው ስልኩን ያነሣው ልጅ።

"ድጋፍ ለዘመመ ግድግዳ ነው!" ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት።

ሁለት ቀን ሙሉ ሲፈታ ሲገጥም፣ ሲጭን ሲነቅል ከረመ። ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ካርታው ስክሪኑ ጥግ ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ብቅ አለለት። "እሰይ! የታባታቸው!" ብሎ ጠረጴዛውን ደለቀ።

ታላቅ እኅቱ የዚያን ሰዓት ላፕቶፗን በቦርሳ ይዛ መጣች። እዚያው ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት።

"በዚህ አቅርበው" አለችው። "ስልጠና ስሰጥ የማሳየው በእሱ ነው። አንዴ ተጭኖ ያልቃል።"

"እትዬ ሙች፣ ይሄ እኮ መጫወቻ ነው። ደግሞ ሠርቶልኛል፤ ይኸውልሽ!"

"እሱማ ለአንተ ነው የታየህ። እኔ እዚያኛው ክፍል ልግባና እንደዋወል፤ ታየኝ አልታየኝ ልንገርህ።"

ሙከራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እሱ ግን ማዋለድ እንጂ ሌላ በማታውቅ ሴት መፈተኑ አንገበገበው።

"አንቺ ደግሞ ስለዚህ ምን ታውቂና ነው? እኔ በዓይኔ እያየሁት!"

እኅቱ ላፕቶፗን መልሳ ከተተች። "እዚያ ግድግዳ ሥር ዛሬ ብቻ ስድስት አራሶች ተኝተዋል። አደራህን" ብላው ወጣች።

ሐሙስ ደረሰ። አምስት የኮሚቴ አባላት በየሳጥናቸው ተደረደሩ፤ አንዱ ያኝካል፣ የአንዱ ካሜራ ጣሪያ ያሳያል። ጸሐፊዋም ቃለ ጉባኤ ልትይዝ ገብታለች። ካርታ ሠሪው አፍንጫውን ነፍቶ ቁልፏን ተጫነ።

"ይታያል?" ሲል ጠየቀ።

"ይታያል፣ ይታያል፤ ይቀጥሉ" አለ ሰብሳቢው ወረቀት እያገላበጠ።

እናንተዬ፣ ይቺን ቃል ቢሮ ደጅ የጠና ሰው ሁሉ ያውቃታል። "ጉዳይዎ ይታያል" ማለት ሂድልኝ፣ ራሴን አታዙርብኝ ማለት ነው። ሰብሳቢው ሠላሳ ዓመት ባለጉዳይ ሲሸኝባት ኖሯል፤ ቀና ብሎ ስክሪኑን እንኳ አላየም። የተቀሩት ግን አይተዋል፤ ያዩትም ድፍን ጥቁር ነበር። እያንዳንዱ ማሽኔ ነው የተበላሸው ብሎ፣ ከሌላው በፊት አልታየኝም ብሎ ላለመዋረድ ጭጭ አለ። አለቃ ይታያል ካለማ ማን አልታየኝም ይላል? ፈሪ ሁላ!

ካርታ ሠሪው የመዳፊቱን ቀስት ወዲያ ወዲህ እያስኬደ ሃያ ደቂቃ ለፈለፈ። "ያኛው እንደምታዩት አደገኛ ነው። ይህኛው እዚህ ጋ ይታጠፍና በሰላም ይወጣል። ያኛውን እርሱት፤ ይህኛው ይጽደቅ።" ጤና ጣቢያውን በስሙ አልጠራም፣ ሜዳውን አልጠራም። ካርታው ላይ ተጽፎ የለ? ለሚያይ ሰው ማንበብ ሕፃን ማብላት መሰለው።

አባላቱ ይህኛው ሲባል እጃቸው ላይ ያለውን ወረቀት አዩ። እዚያ ላይ ያለው መስመር አንድ ብቻ ነው።

"በጣም ግልጽ ነው። ይህኛው ይጽደቅ የምትሉ?" አለ ሰብሳቢው። አምስቱም እጃቸውን አወጡ።

ካርታ ሠሪው ወዲያው እኅቱ ጋ ደወለ። "ጨረስኩልሽ! ድንጋይ ራሶች ናቸው፤ ግን እኔ ሳስረዳ ድንጋይም ይገባዋል።" እልል ልትልበት ምንም አልቀራትም።

ማክሰኞ ቃለ ጉባኤው መጣ። "ባለሙያው ነባሩን መስመር በምስል አስደግፈው በዝርዝር አስረድተዋል፤ ኮሚቴውም ተመልክቶ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል" ይላል። ክው አለ። ወረቀቱን ጨብጦ ቃለ ጉባኤ ወደ ያዘችው ጸሐፊ ሮጠ።

"ሐሙስ ዕለት ምን ነበር የታየሽ?"

"ጥቁር" አለችው ቀና ሳትል።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ላንተ? ባለፈው ወር ካርታ ላይ ሰሜኑ በየት ነው ብዬ ብጠይቅህ፣ በሰው ፊት ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?"

አላስታወሰም። ያን ያህል ሰው አዋርዶ የትኛውን ያስታውስ!

ሰብሳቢው ጋ ገባ፤ ለመነ፣ ማለ። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ እያየው፣ "ይጽደቅ ያሉን እርስዎ፤ አሁን አይጽደቅ የሚሉን እርስዎ። ልጆች ነን እንዴ? ቦይ ቆፋሪዎቹ ዛሬ ጠዋት ወጥተዋል" አለው።

ኮሪደሩ ላይ ስልኩ ጠራ። እኅቱ ናት፤ ከኋላዋ የሰው ጩኸትና አራስ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል።

"ስማኝማ፣ ሰዎች መጥተው ማዋለጃው ጀርባ ካስማ እየተከሉ ነው። ያንተ ስም ያለበት ወረቀት ያሳዩኛል! ውሸታችሁን ነው፣ ወንድሜ ይህን አይሠራም ብዬ በእናታችን አጥንት ማልኩባቸው። በሩ ላይ ቆሜ አላስገባ ብያቸዋለሁ። አሁን መጥቶ ያፋጥጣችኋል አልኳቸው፤ እየመጣህ ነው አይደል?"

ካርታ ሠሪው ፊቱ በእፍረት ነደደ። ከዚያ ሁሉ ሰው በእሱ ያላፈረችው እሷ ብቻ ናት።

"እትዬ..." አለ።

"ሰማችሁ?" አለቻቸው እኅቱ ወደ ቆፋሪዎቹ ዞራ፤ "እየመጣ ነው!"