ማላኪ ቱሊ አጥብቆ የመታው ማንን ነው?

ደሪቫን በምትባል የአየርላንድ መንደር ውስጥ ፊንታን ጋሊጋን የሚከበረው በሁለት የተሰበሩ የጎን አጥንቶቹ ነበር። ሌላ ሙያ የለውም ማለት አይደለም። ሠላሳ ዓመት የወተት ቦቴ ሲነዳ አንድ ማለዳ እንኳ አርፍዶ አያውቅም፤ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሀልም ድምፁ የሚናቅ አልነበረም። ግን ዲምፕና መጠጥ ቤት፣ በመስኮቱ በኩል ካለው ትልቅ ጠረጴዛ ለመቀመጥ ወተት ማመላለስና መዘመር አይበቃም። እዚያ የሚቀመጠው ታላቁን የደሪቫን የኳስ ቡድን በዓይኑ ያየ ሰው ነው፤ ከነሱም መሀል አፉን ሞልቶ የሚናገረው የቡድኑን ክንድ የቀመሰ ነው። የቀመሰ ደግሞ ፊንታን ብቻ ነበር።

ያ ቡድን አራት ዓመት በተከታታይ የአውራጃውን ዋንጫ በልቷል። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት አለፈ፤ ደሪቫን ዋንጫ የሚያየው ሌላ ሰው ሲያነሳው ነው። ሰዉ ጎሎቹን ረስቷቸዋል፤ ማን እንዳገባ ቢጠየቁ እርስ በርስ ይጣላሉ። ያልረሱት ጥንካሬውን ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የማላኪ ቱሊን። በአየርላንዶቹ ጨዋታ በጌሊክ ኳስ፣ ኳሱን በእጅ ይዞ መሮጥ ስለሚፈቀድ፣ ጎሉ ፊት ማላኪን የሚያህል ተከላካይ ከቆመ ኳስ የያዘ ሰው በትከሻው መገጨቱ አይቀርለትም። ከተገጨ በኋላ ኳሱ የት እንደደረሰ የሚጠይቀው በማግስቱ ነው።

እሁድ እሁድ ከጨዋታ በኋላ የጠረጴዛው ወግ ይሄ ነበር። በተለይ የዛሬዎቹ ልጆች ሲሸነፉ፤ የዛሬዎቹ ልጆች ደግሞ መሸነፍ አይሰለቻቸውም።

«በአስራ አንድ ነጥብ!» አለ ፓኪ፣ የጠረጴዛው ሽማግሌ፣ የጎረቤት መንደሩ ቡድን ግሌንሞይ ድል በነሳቸው በዚያ እሁድ። «ጓንት አድርገው ነው እኮ የሚጫወቱት! ማላኪ ጓንት ያደረገው አንዴ ነው፤ እሱንም ላም ሲያዋልድ።»

«ያ ስድስት ቁጥሩስ?» አለች ዲምፕና ከባንኮኒው ኋላ። «ነካ ቢያደርጉት ፊቱን ይዞ ተዘረረ። እኔማ ቄስ ይጠራለት ልል ነበር።»

ይሄን ጊዜ ፊንታን ጎኑን ዳበስ ያደርጋል። ዳበስ ሲያደርግ አንዱ «እስኪ ያንተን ንገረን» ይለዋል፤ እሱም እንደ ዳዊት በቃሉ ይደግመዋል፦ ሐሙስ ቀን ነው፣ የልምምድ ጨዋታ፣ ዝናብ፣ እሱ ሃያ ዓመቱ፣ ኳስ ይዞ በማላኪ ላይ ሲመጣ፣ ከዚያ ያ ግጭት፣ ከዚያ ቀጭ! ቀጭ! ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ማንም አቋርጦት አያውቅም።

በዚያ እሁድ ግን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አዲስ ሰው ነበረ። ኮልም ክላርኪን ይባላል። የዚያው የደሪቫን ልጅ ነው፤ አርባ ዓመት እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ግንብ ሲገነባ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ የአባቱን ቤት ሊያድስ መመለሱ ነው። ዝምተኛ ነው። ሲስቅ አገጩ ወደ ግራ ይሄድበታል።

«አገጭህን ምን አገኘው?» አለው ፓኪ፣ የፊንታን ቀጭ ቀጭ ገና ከጆሮ ሳይወጣ።

«ማላኪ ነው» አለ ኮልም።

አለቀ። ቢራውን ጠጣ። የጠረጴዛው ሰው ወንበሩን እየጎተተ ወደሱ ዞረ። ፊንታን ሩብ ሰዓት የደከመበትን ይሄ ሰውዬ በሁለት ቃል ወሰደበት።

ቅናት ሲጀምር ትንሽ ነገር ነው፤ ጥርስ ውስጥ እንደገባ የሥጋ ክር ነው። ፊንታን በመጀመሪያው ሳምንት ሳቀበት። በሁለተኛው ኮልም ሰላም ሲለው ያልሰማ መሰለ። በሦስተኛው ለጉንፋን ብሎ ጤና ጣቢያ ሄደና ነርሷን «የቱ ይብሳል፣ የጎን አጥንት መሰበር ወይስ የአገጭ?» ሲል ጠየቃት።

«ምነው? ወደቅክ እንዴ ፊንታን?»

«ኧረ ለጓደኛ ነው።»

«አገጭ ይብሳል» አለች ነርሷ፣ ሳታስብበት። «በገለባ እየመጠጡ ነው እኮ የሚከርሙት።»

ጉንፋኑ ሳይኖርበት የጉንፋን መድኃኒት ገዝቶ ተመለሰ። ሌሊቱን ግድግዳ ግድግዳ ሲያይ አደረ። አርባ ዓመት ሙሉ የሱ ብቻ የነበረ ነገር! ሌላው ሰው ልጅ አለው፣ መሬት አለው፣ ዘመድ አለው። እሱ ማላኪ የሰበረው ጎን ነው ያለው። እንግሊዝ አገር ከርሞ የመጣ ሰው፣ ጥሩ ጡረታና አዲስ ጣራ ያለው ሰው፣ ያንንም ይውሰድበት?

በአራተኛው እሁድ ሰዉ ኮልምን ከቦ ሲጠይቀው ፊንታን ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ጠረቅ አደረገው።

«ማላኪ አልሞተም እኮ! ኮረብታው ላይ አለላችሁ አይደል? ሄደን እንጠይቀው። ማንን አጥብቆ እንደመታ እሱ ይፍረድ።»

«ተወው ፊንታን» አለ ኮልም። «ምን ያደርግልናል?»

«ፈራህ?»

«ምን ያስፈራኛል?»

«እንግዲያው የሚመጣው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ» አለ ፊንታን። ፓኪ ደስ ብሎት እጁን አፋተገ፤ ዲምፕና «ሁለት የጡረታ ሽማግሌ!» ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት ይሄ ነው፤ ፊንታን ግን ያን ሳምንት እያፏጨ ሰነበተ።

ማላኪ ቱሊን ኩሽናው ውስጥ ማርማላታ ሲሠራ አገኙት። ሰባ አምስት አልፎታል፤ አንዱ ዳሌው ብረት ነው፤ እጆቹ እስከ አንጓው በእንጆሪ ጭማቂ ቀልተዋል። ሻይ ቀዳላቸው፣ ዳቦ በቅቤ አቀረበላቸው፣ የትኩሱን ማርማላታ አረፋ በማንኪያ አስቀመሳቸው። ፊንታን ዳቦውን ሳይጨርስ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ሐሙስ ነበር፤ ልምምድ ላይ። ዝናብ ይጥላል። እኔ ኳስ ይዤ መጣሁብህ።»

«አስታውሳለሁ» አለ ማላኪ።

ፊንታን ወደ ኮልም ዞር ብሎ «ሰማህ?» በሚል ዓይን አየው።

«ቀይ ካልሲ ነበር ያደረግከው» አለ ማላኪ። «እናትህ የሠራችልህ።»

«ልክ ነህ! ቀይ!»

«በጣም ነው ያዘንኩት።» ማላኪ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ዓይንህን ጨፍነህ ነበር የምትሮጠው። ይሄን ልጅ ከገጨሁት ይሞትብኛል ብዬ ልስትህ ዞር ስል ጭቃው አዳለጠኝና ጉልበቴ ጎንህ ላይ አረፈ። አልመታሁህም እኮ ፊንታን፤ ወደቅኩብህ። ማታውኑ ቤታችሁ ሄጄ እናትህን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። አልነገረችህም?»

አልነገረችውም። ፊንታን ዳቦውን ሰሃኑ ላይ መለሰው።

«ያንተ ግን ሌላ ነው» አለ ማላኪ ወደ ኮልም ዞሮ። ኮልም ምንም አልጠየቀም ነበር። «አንተን አስቤበት ነው የመታሁህ። ልምምድ ላይ ሦስት ጊዜ አለፍከኝ። ሦስት ጊዜ! አሰልጣኙ መስመሩ ላይ ቆሞ እያየ። እኔ ሠላሳ አምስት ሞልቶኛል፣ የፍጻሜው ጨዋታ አስር ቀን ነው የቀረው፤ አራተኛ ካለፈኝ ማላኪ አበቃለት ይላል፣ ያወጣኛል ብዬ ፈራሁ። በሕይወቴ ሜዳ ላይ የፈራሁት ሰው አንተን ብቻ ነው። እግርህን አየሁና ቀናሁ። አገጭህን ብዬ በክርኔ ሰጠሁህ። እኔ ዋንጫ አነሳሁ፤ አንተ አገጭህ ሳይድን መርከብ ተሳፈርክ። እስከዛሬ ይቅርታ አላልኩህም።»

«አርባ ዓመት ሆነው እኮ» አለ ኮልም ቀስ ብሎ። «ገለባውን ጥዬ አሁን ሙዝ እየበላሁበት ነው።»

ሁለቱ ሳቁ። ፊንታን አልሳቀም። ሰው ስለራራለት ማዘን ነበረበት ወይ ማመስገን፤ እሱ ግን የተሰማው ቅናት ብቻ ነበር፣ ከበፊቱ የባሰ። በፊት ስለ አገጭና ስለ ጎን ነበር የሚቀናው። ለካ ኮልም ሌላ ነገር ኖሮታል። ማላኪ ቱሊ ፈርቶታል! ፊንታን አርባ ዓመት ሙሉ የፈለገው መመታት አልነበረም፤ መፈራት ነበር።

ቁልቁል ሲወርዱ ኮልም ስለ ጣራው ንጣፍ አወራ፤ ፊንታን አልመለሰለትም። እንዳትነግርብኝ ብሎ ከሚለምነው ምላሱን ቢውጥ ይሻለዋል። የዲምፕና በር ላይ ሲደርሱ ኮልምን አስቀደመው።

ጠረጴዛው ሞልቶ ነበር የሚጠብቃቸው።

«እሺ!» አለ ፓኪ። «ማነው?»

ፊንታን አፉን ሳይከፍት ኮልም ቀደመው። «ፊንታን ነው። እሱን ነው አጥብቆ የመታው። የኔን ጭራሽ አላስታወሰውም።»

ቤቱ በጩኸት ተሞላ። አንዱ ትከሻውን መታው፣ አንዱ ወንበር ሳበለት፣ ዲምፕና ራሷ ጥቁር ቢራ ቀድታ ፊቱ አስቀመጠች። «እኔ መጀመሪያውንም ብዬ ነበር!» አለ ፓኪ፣ ከቶ ያላለውን። ፊንታን ብርጭቆውን አነሳና ከአረፋው በላይ ኮልምን አየው። ኮልም ጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጦ ካርቶኗን የብርጭቆ ማስቀመጫ በጣቱ ያሽከረክራል። ቅር ያለው አይመስልም። ጨው ማቀበልን ያህል እንኳ አልከበደውም።

ይሄ ነው ፊንታንን ያቃጠለው። ማላኪ ራራለት፤ አሁን ደግሞ ይሄ ራራለት። ፈጣኑ እሱ፣ የተፈራው እሱ፣ ይባስ ብሎ ደጉም እሱ ይሁን? ለፊንታን ምን ይቅረው?

«ዋሽቷል!» አለ፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ።

ፓኪ ወንበሩን ወደሱ አዞረ።

«ዋሽቷል አልኳችሁ። ለኔ አዝኖ ነው። ማላኪ እኔን አልመታኝም፤ አዳልጦት ነው የወደቀብኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ስሮጥ አይቶ አሳዘንኩት። እናቴን ይቅርታ ሁሉ ጠይቋል።»

«ፊንታን፣ ተው» አለ ኮልም።

«አልተውም! ማላኪ የፈራው ይሄን ነው። እዚህ የተቀመጠውን፣ ይሄን ሙዝ በሊታ!»

«ማላኪ?» አለ ፓኪ። «ፈራ?»

«በገዛ አፉ ነዋ! ማንኪያውን እንዲህ አስቀመጠና...» ፊንታን የዲምፕናን ማንኪያ አንስቶ አስቀመጠ፤ ድምፁ የማላኪ ድምፅ ሆነ። አሰልጣኙን መስመሩ ላይ አቆመው። ዝናቡን አዘነበው። ኮልምን በሃያ ዓመቱ ከመሀል ሜዳ አስነሳው፣ በግራ አሳለፈው፣ በቀኝ አሳለፈው፤ የማላኪን የልብ ምት በጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ አሰማቸው። ቢራ የሚያነሳ ጠፋ። በአርባ ዓመት ውስጥ እንዲህ ተሰምቶ አያውቅም ነበር፤ ለጎኑ እንኳ እንዲህ አልተሰማለትም።

የሚናገረው እያንዳንዱ ቃል ኮልምን አንድ ስንዝር ከፍ እንደሚያደርገው ያውቃል። ማቆም ይችል ነበር። ግን እሱ ካልተናገረው ማን ይናገረዋል? ኮልም እንደሆነ በሁለት ቃል ነው የሚጨርሰው።

ዲምፕና ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከባንኮኒው ወጥታ መጣች። በሃያ ዓመት ውስጥ ከዚያ ወጥታ ወሬ ስትሰማ ያያት የለም።

«እኔ መጀመሪያው አመለጠኝ» አለች፣ ወንበር እየሳበች። «ስንት ጊዜ ነው ያለፈው አልክ?»

ፊንታን ኮልምን አየው። ኮልም ፊቱ ቀልቶ፣ ጠማማ አገጩን በእጁ ሸፍኖ፣ መሬት መሬት ያያል።

«አራት ጊዜ» አለ ፊንታን፣ አንጀቱ እያረረ።

«ሦስት ነው» አለ ኮልም።

«አንተ ዝም በል! አንተ ምን ታውቃለህ፣ እየሮጥክ ነበር!»