በአንኮበር መንገድ የወረደ ሙሾ

በሞተሬ አገር ለአገር ስዞር ያላየሁት የለም። መዘዞ ላይ የፊት መብራቴ ብርሃን በብርድ ረግቶብኝ እንደ ሸንኮራ ሰብሬ መንገድ ዳር ጥዬዋለሁ። ይህን ስናገር የደብረ ብርሃን ባጃጅ ተራ ሁሉ ስቆልኛል። ያናደዱኝ እውነት የተናገርኩ ቀን ነው።

አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ጢማም ጥንብ አንሳ አጥንት ይዞ ሽቅብ ይወጣል፣ ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፣ ሲሰበር ወርዶ ቅልጥሙን ይበላል አልኳቸው። በዓይኔ ያየሁት ነው።

«መዶሻ አልያዘም?» አለ መልካሙ፣ ባጃጁ ውስጥ እንደተጋደመ። «ምስክር አምጣ። ካላመጣህ ከእንግዲህ አገር ማየት የሚፈልግ እንግዳ ሲመጣ ወደ አንተ አንልክም። ቀጣፊ እንግዳ አያዞርም።»

ሰፈሩ የሚያምነው ምስክር አንድ ነው፤ የእድራችን ዳኛ ጋሼ ገብረ ጻድቅ። እሳቸው ዘነበ ካሉ ሰው ደጅ ሳይወጣ ጃንጥላ ይዘረጋል። ለምኜ እሺ አሰኘኋቸው። ጉም ከቆላው ሳይነሳ መድረስ ስላለብን በማለዳ ወጣን። ብርዱን ፈርተው ከእግር እስከ ራሳቸው በብርድ ልብስ ተጠቀለሉ፤ እንዳይወድቁም ከወገቤ ጋር በገመድ አሰርኳቸው።

መንገድ ላይ የሞተሩ ካቴና ወለቀ። ፈታኋቸው። «እስክትጨርስ ጎኔን ላሳርፍ» ብለው ሳሩ ላይ ተጋደሙና ፊታቸውን ሸፈኑ።

ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ደረሱብን። ለተጊዮርጊስ የሚሏት ባልቴት ዘንቢሏን አስቀመጠች።

«ምንህ ናቸው ልጄ?»

«የእድራችን ዳኛ ናቸው።»

«ውይ፣ አፈር በበላሁ። ታዲያ ሰው እንደ ጆንያ በሞተር ይጫናል? ቃሬዛ ጠፋ?»

«እማማ፣ አልሞቱም እኮ።»

«አዎ፣ ሐዘን ሲጸና እንዲህ ያሰኛል።»

ብርድ ልብሱን ልገልጥ ስል ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙኝ። ሐዘንተኛ ሬሳው ላይ እንዳይወድቅ ይያዛል መቼስ። በታገልኩ ቁጥር ሐዘኔ የባሰ እየመሰላቸው አጠበቁብኝ።

«ጋሼ፣ በእመቤታችን ይነሱ» ብዬ ጮህኩ።

«ጩኸው፣ ይውጣልህ» አሉኝ።

ለተጊዮርጊስ ደረቷን እየመታች አወረደችው፦

ስንቱን ያስቀበረ የእድሩ ዳኛ፣
በሞተር ታስሮ መጣ ወደኛ።

ይሄኔ ከብርድ ልብሱ ሥር የጋሼ አውራ ጣት ከሙሾው ጋር ወደ ላይ ወደ ታች ሲል አየሁት። ነቅተዋል። ነቅተው ያዳምጣሉ! እኔ ክንዴ ሊገነጠል፣ ጉሙም ከቆላ እየተነሳ፣ ሰውዬው ተኝተው ይለቀስላቸዋል።

ባልቴቷ የማታውቀው ሰው ሆኖባት ማመስገኛ ሲያልቅባት ጋሼ ቀና አሉ።

«ጎበዝ ፈረሰኛ እንደነበርኩ አላልሽም» አሏት።

ዘንቢሉ እዚያው ቀረ። ሴቶቹ ዳገቱን እንደ ሚዳቋ ወጡት።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ጉሙ ገደሉን እስከ አፉ ሞልቶታል። ከውስጡ አጥንት ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ቋ አለ።

«ሰሙ ጋሼ?»

«ሰማሁ። ባላየሁት ግን አልመሰክርም።»

«ያኔ ቢነሱ ኖሮ ያዩ ነበር።»

«አንተ ልጅ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው የሚወርደውን ሙሾ ስሰማ ኖሬ የራሴን መቼ እሰማለሁ?»

«የእኔስ ስም?»

«ያንተማ ለምዶታል።»

ተራው ጋ ስንመለስ መልካሙ ጠየቃቸው። «ጉም ነው ያየሁት» አሉ፤ ቀጥለው በቁማቸው እንዴት እንደተለቀሰላቸው ከነሙሾው አወሩ። የሳቀ የለም። «ጋሼ ካሉ ሆኗል» አለ መልካሙ።

በነጋታው ከአዲስ አበባ እንግዳ መጣ። አገር የሚያሳይ ሰው ሲጠይቅ ወደ ጋሼ ላኩት። ጋሼም የተለቀሰላቸውን ሳር ሊያሳዩት፣ ሦስት ሆነን በሞተሬ እንድንሄድ፣ እኔ ግን መንገዱን ሙሉ አፌን እንድዘጋ ሰው ልከውብኛል።