አያን የሚመስለው ድንጋይ

ሶማላታ የነጭ ሳሪዋን ጫፍ በግራ እጇ ሰብስባ ወደ ግንቡ አናት የሚያወጣውን ዳገት ስትጀምር፣ የባሏ ታላቅ ወንድም አያ ጂናዳሳ ከላይ ጎንበስ ብለው አንድ ድንጋይ ሲመረምሩ አየቻቸው። ሁለቴ ጠራቻቸው። አልሰሙም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆኑ። የመኪናው ቁልፍ በሸሚዛቸው ደረት ኪስ ውስጥ ነው። መኪናው ውስጥ ደግሞ፣ ከኋላ ወንበር ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሸክላ ድስት አለ። መነኮሳቱ ከቀትር በኋላ እህል አይቀምሱም።

ዛሬ የባሏ የቲላክ ሙት ዓመት ነው። በጋል ከተማ ግንብ ውስጥ፣ ከባሕር መብራቱ ማማ አጠገብ ባለችው ትንሽ የቡድሂስት ቤተ መቅደስ ለመነኮሳቱ ምሳ ይቀርባል፤ የምጽዋቱም በረከት ለሟቹ ይተላለፋል። ሶማላታ ከትናንት ጀምራ ስታበስል አድራለች። አንድ ነገር ብቻ አልሠራችም፤ ፖሎስ የሚሉትን፣ በኮኮናት ወተት እስኪጠቁር የሚንተከተከውን ጃክፍሩት የሚባል ለጋ ፍሬ ወጥ። ቲላክ ሆስፒታል ተኝቶ በመጨረሻ የጠየቀው እሱን ነበር። ያኔ ሠርታ ወሰደችለት። አንዴ ቀመሰና “ደህና ነው” አላት። የእናቱ እጅ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር። የእናቱን እጅ የወረሱት የጂናዳሳ ሚስት፣ እትዬ ቢሶ ብቻ ናቸው።

እትዬ ቢሶም ሠርተው፣ ድስቱን ከሚኖሩበት ከኩሩኔጋላ ድረስ በእግራቸው መሐል ደግፈው አምጥተውት ነበር። ቅርጫቶቹን በቤተ መቅደሱ በር ሲያወርዱ ግን ዋናውን ረሱት። አያ ጂናዳሳ መኪናውን በግንቡ መግቢያ በር አካባቢ፣ ከሰዓት ማማው ሥር አቁሜ መጣሁ ብለው ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ። ሶማላታ ስትደውልላቸው፣ ፎቶ እያነሳሁ ነው፣ ስልኩን አታስጩሂብኝ ብለው ዘጉባት።

ከዳገቱ አናት ደርሳ ትንፋሿን ሰበሰበች። ቲላክ ከሞተ ወዲህ ይህን ግንብ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው።

“አያ፣ ቁልፉን ይስጡኝ።”

“መጣሽ? እስቲ ይኼን እዪ። ድንጋዩ ውስጥ ዛጎል አለ።”

“ድስቱ መኪናው ውስጥ ቀርቷል።”

“አውቃለሁ። ሽታው መንገዱን ሙሉ ሲያሰቃየኝ ነበር።”

“እንግዲያው ቁልፉን ይስጡኝ።”

“ብሰጥሽ ምን ትሠሪበታለሽ? የኋላው በር የእኔን እጅ ብቻ ነው የሚያውቀው። ቢሶ ስንት ዘመን ታግላው አልከፈተላትም።”

“አብረን እንውረዳ።”

“ገና ነው፣ እህቴ። ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ነድቼ አንድ ቀን አላረፈድኩም።”

“መነኮሳቱ አውቶቡስ አይደሉም፣ አያ።”

“እነሱም ቢሆኑ ከሰዓታቸው በፊት አይነሱም” አሉና ጉዟቸውን ቀጠሉ፤ ያውም ወደ መኪናው ሳይሆን በተቃራኒው።

ሶማላታ ተከተለቻቸው። ሠላሳ ዓመት ሂሳብ ስታስተምር ብዙ ግትር ልጅ አይታለች፤ ጡረታ የወጣ ግትር ልጅ ግን አልገጠማትም። በቀኛቸው ባሕሩ ከግንቡ እግር ይጋጫል፤ በግራቸው የከተማው የሸክላ ጣራዎች ተደርድረዋል። ትከሻቸው በፀሐይ የቀላ ፈረንጆች ካርታ ዘርግተው ይከራከራሉ። አያ ጂናዳሳ ለሁሉም ሰላምታ ይሰጣሉ። እያንዳንዱን ጽሑፍ ጮክ ብለው ያነባሉ። ጨርሰው ሁለት እርምጃ ይሄዱና፣ ግንቡ ላይ ተደግፈው ወደ ታች፣ ወደ ድንጋዮቹ ያፈጣሉ። ፎቶ ያነሳሉ፤ ከፎቶው ግማሹ አውራ ጣታቸው ነው።

ማንጎ በጨውና በበርበሬ የሚሸጥ ሰውዬ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ማንጎው ከየት እንደመጣ ጠየቁ። ሰውዬው ከኩሩኔጋላ ነው አለ። አይደለም አሉ አያ ጂናዳሳ፤ የኩሩኔጋላን ማንጎ እኔ አላውቀውም እንዴ ብለው በቅርፊቱ ቀለም ላይ ረጅም ክርክር ከፈቱ። ሶማላታ ሰማዩን አየች። በመጨረሻ አሸንፈው ገዙ፤ አንድ ቁራጭም ዘረጉላት። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም ነበር፤ ቢሆንም አልወሰደችም።

ትንሽ አለፍ ሲሉ በየግንቡ ጥግ ጃንጥላ ዘርግተው ከሥሩ የተቃቀፉ ወጣቶች ተቀምጠዋል። እዚህ የተለመደ ነው፤ የከተማው ሰው ዓይኑን ዞር አድርጎ ያልፋል። አያ ጂናዳሳ ግን ከአንዱ ጃንጥላ ፊት ቁጢጥ አሉ።

“ልጆች፣ በዚህ በኩል የሰው ፊት የሚመስል ድንጋይ አላያችሁም?”

ከጃንጥላው ሥር የልጅቷ ሳቅ ተሰማ። “አባባ፣ እኛ ድንጋይ ልናይ አልመጣንም” አለ ልጁ።

ሶማላታ ባለችበት ቀጥ አለች።

“የምን ድንጋይ ነው?” አለች፣ ከጃንጥላው ከራቁ በኋላ።

“ቲላክ አልነገረሽም? ግንቡ ላይ አንተን የሚመስል ድንጋይ አለ ይለኝ ነበር። እሁድ እሁድ ሲደውል፣ ‘ዛሬም ሰላም ብዬሃለሁ’ ይለኛል። የት ነው ስለው፣ መጥተህ ፈልገው ይለኛል። እኔ ደግሞ ሌላ ጊዜ እለዋለሁ። መናኸሪያው ያው፣ ከሜዳው ማዶ ነው፤ ስንቴ መጣሁ። ተሳፋሪ አውርጄ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ ሌላ ጭኜ መዞር ነው። ግንቡን ከመሪዬ ላይ ሆኜ አይቼው እሄዳለሁ።”

ሶማላታ ወደ ባሕሩ ዞረች። ድንጋዩን ታውቀዋለች። ቲላክ እዚሁ ግንቡ ውስጥ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ከሥራ ሲወጣ በሩ ላይ ትጠብቀዋለች፤ ግንቡን ዞረው ወደ ቤት ይሄዳሉ። ከመብራቱ ማማ ወዲህ ካለው መታጠፊያ ሲደርሱ ቲላክ ጎንበስ ብሎ የአንድ ድንጋይ አፍንጫ በጣቱ መታ መታ ያደርግና “እንዴት ዋልክ፣ አያ” ይለዋል። እሷም በየቀኑ ትስቅ ነበር፤ ባያስቅም። ልብሱን ዘመድ ተካፍሎታል። መነጽሩን ለችግረኛ ሰጥታለች። ወንበሩ ላይ ዛሬ ጠዋት እኚሁ ሰውዬ ተቀምጠው ሻይ ጠጥተውበታል። ድንጋዩን ግን እስካሁን ማንም አልጠየቃትም ነበር።

“አላውቀውም” አለች።

አያ ጂናዳሳ ጉልበታቸውን እያሹ ግንቡ ላይ ተቀመጡ። “እንግዲያው እስካገኘው ድረስ ከዚህ አልንቀሳቀስም።”

ስልኳ ጮኸ። እትዬ ቢሶ ነበሩ። መነኮሳቱ ቦታቸውን ይዘዋል፣ ሩዙ ቀርቧል፣ ድስቱ የታል ይላሉ። ለባላቸው ንገሪልኝ ያሉትን ቃል ግን ሶማላታ እንዳለ አላደረሰችውም።

“ዛሬ ለጉብኝት አይደለም የመጡት፣ አያ” አለች፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠች። “ለወንድምዎ ነው።”

“እኔስ ለማን የመጣሁ መሰለሽ?” አሉ ቀስ ብለው። “ዓመቱን ሙሉ ስደውልልሽ ደህና ነኝ ትዪና ትዘጊያለሽ። ስሙን እንኳ አታነሺልኝም። ከድንጋይ ሌላ ማንን ልጠይቅ?”

 ወደ መሬት አየች። ጥላዋ እግሯ ሥር ተሰብስቧል።

“ከምጽዋቱ በኋላ አሳይዎታለሁ።”

“አላውቀውም አላልሽም?”

“ብያለሁ።”

አያ ጂናዳሳ ትክ ብለው አዩዋት። ሌላ ነገር ይናገራሉ ብላ ስትጠብቅ፣ እንድታነሳቸው እጃቸውን ዘረጉላት።

ሲመለሱ የጉልበታቸው ሕመም የት እንደሄደ እንጃ፣ ሶማላታ ልትደርስባቸው አልቻለችም። መኪናው ዘንድ ደርሰው ቁልፉን ከተቱ፣ እጀታውን ወደ ላይ ሳቡ፣ በሩን በዳሌያቸው ገፉትና ለእልኸኛ በቅሎ የሚነገር አንድ ቃል ተናገሩት። ተከፈተ። ድስቱ እንዳይደፋ ሶማላታ አቀፈችው፤ በጨርቁ ውስጥ ገና ይሞቃል። በጠባቦቹ መንገዶች፣ ፈረንጆቹን በጥሩንባ ከግድግዳ እያጣበቁ፣ ከቤተ መቅደሱ በር አደረሷት። እትዬ ቢሶ ድስቱን ተቀብለው ባላቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩና፣ “ተሳፋሪ ስታንገላታ ኖረህ አሁን ደግሞ መነኮሳቱን ጀመርክ” ብቻ ብለው ገቡ።

ክዳኑ ሲከፈት ቀትር አልሆነም ነበር። ሶማላታ ራሷ ጨለፈች። ዋናው መነኩሴ ቲላክን ያውቁት ነበር፤ ወጡን ቀምሰው ሳህናቸውን መልሰው ዘረጉ። እሷ ጨልፋ ስትጨርስ ጭልፋውን ወዲያው አላስቀመጠችውም።

ከምሳው በኋላ ጸሎቱ ተደረሰ፤ እንደ ደንቡም በረከቱ ለሟቹ እንዲተላለፍ ውሃ ከማንቆርቆሪያው ወደ ጽዋው የሚፈስበት ጊዜ ደረሰ። ሶማላታና ባልና ሚስቱ ሦስቱም ማንቆርቆሪያውን አንድ ላይ ያዙ። ውሃው ጽዋውን ሞልቶ ወደ ሳህኑ እስኪፈስ ድረስ የአያ ጂናዳሳ እጅ በእሷ እጅ ላይ ነበር፤ ጣቶቻቸው ገና ማንጎና በርበሬ ይሸታሉ።

ዕቃው ታጥቦ ሲጫን ፀሐዩ የግንቡን ድንጋይ ያግላል። እትዬ ቢሶ የፊት ወንበር ላይ ወጥተው ጫማቸውን አውልቀዋል፤ መንገዱ ረጅም ነው እያሉ ነው። አያ ጂናዳሳ መሪውን ይዘው ቁልፉን ከተቱ። ወደ ግንቡ አላዩም።

“ፀሐዩ ከርሯል” አሉ። “ጉልበቴም አስቸገረኝ። ሌላ ጊዜ ታሳዪኛለሽ።”

ሶማላታ ከመስኮቱ አጠገብ ቆማ ነበር። ይቅርብኝ እያሉላት እንደሆነ ገባት። እሺ ብትላቸው ደህና ግቡ ብላ ትሸኛቸዋለች፤ ድንጋዩም እንደነበረው የእሷ ሆኖ ይቀራል። እጇን በመስኮቱ ዘረጋች።

“ቁልፉን ይስጡኝ፣ አያ።”

“ለምን?”

“ይስጡኝ።”

ነቅለው ሰጧት። ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዘጋችና፣ የሳሪዋን ጫፍ ሰብስባ ከባሕር መብራቱ ማማ ጎን ወደ ግንቡ የሚያወጣውን ዳገት ጀመረች። ከኋላዋ የመኪናው በር ሲከፈት፣ እትዬ ቢሶ ሲያጉረመርሙ፣ ከዚያም በዳገቱ ላይ የሚጎተት ሰንደል ጫማ ተሰማት።

“አፍንጫው ትልቅ ነው እንዴ?” አሉ አያ ጂናዳሳ እያለከለኩ።

“ትልቅ ነው” አለች ሶማላታ፣ እንዲደርሱባት እርምጃዋን እየቀነሰች።