ወላሂ ያልተባለበት ጨርቅ

"የኔስ?" አለች አስካለማርያም፣ የሌሎቹ ሴቶች ጨርቅ ሁሉ ከጆንያው ወጥቶ ካለቀ በኋላ።

ሸሪፍ ቀና አላለም። የጆንያውን አፍ በገመድ እየጠፈረ "ያንቺ አልተገኘም፣ እትዬ አስካለ" አላት።

ያን ጊዜ አንኮበር የቀበሌው ሱቅ አቡጀዲና ካኪ ብቻ ነበር የሚሸጠው። ዓይን የሚገባ ጨርቅ የፈለገች ሴት ሸሪፍን ታዝዛለች። ይህ የአልዩ አምባ ነጋዴ የሁሉንም ትእዛዝ በቃሉ ይዞ፣ ኬላውን እንደምንም አልፎ ከድሬዳዋ ያመጣል፤ ከገበያው ጀርባ አህያው ጥግ ሆኖ ያከፋፍላል። ሴቶቹ ሳያዩ ነው የሚገዙት። "ወላሂ፣ ቢታጠብ አይለቅም" ካለ አይለቅም። አስካለማርያም ቤቷ ሆና ልብስ እየሰፋች የምትተዳደር ሴት ናትና ለደንበኞቿ ስታዝዘው ኖራለች። ለራሷ ያዘዘችው ግን ገና ዘንድሮ ነው፤ ነጭ መደብ ላይ ሰማያዊ አበባ። ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደው አንድ ልጇ ኃይለ ገብርኤል ጊዜውን ጨርሶ ለጥምቀት ይደርሳል ተብሏል። በዚህ ዕድሜሽ አበባ አማረሽ ብለው ጎረቤቶቿ ሲስቁባት፣ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ብላ አብራ ሳቀች።

እናም ጨርቁን አየችው። ገመዱ ሲጠብቅ ጫፉ ከጆንያው አፍ ብቅ ብሏል።

"ያ ምንድነው ታዲያ?"

"እሱማ የሰው ነው። ደብረ ሲና ላለ ሰው ሸጬዋለሁ።"

በገነች። ይህን ያህል ዘመን ደንበኛው ሆና ዛሬ በማታውቀው የደብረ ሲና ሰው ትለወጥ? ቃልህ እንደ ካድሬ ቃል ሆነ አለችው። እንዲህ ያለ ነገር ገበያ ላይ አይባልም፤ እሷ ግን ድምጿን እንኳ ዝቅ አላደረገችም። ሌላ ቀን ቢሆን ሸሪፍ አንድ ቃል አያስተርፍላትም ነበር። ዛሬ የከፈለችውን አውጥቶ እጇ ላይ ሊያስቀምጥ ይታገላል። ሴቶቹም ሳይከራከሩ፣ ሳይሳሳቁ፣ ጨርቃቸውን ጉያቸው ሸጉጠው አንድ በአንድ ሄዱ።

"ሸጬዋለሁ ነው ያልከው?"

"አዎ።"

"ወላሂ በል።"

ለክርና ለቁልፍ ሳይቀር የሚምለው ሰውዬ ወላሂ አላለም። ፊቱን ወደ አህያው አዞረ።

ያን ጊዜ ገባት። ሸሪፍ በአላህ ስም አይዋሽም፤ እውነቱን መናገር ደግሞ የሱ ተራ አይደለም። መርዶ የራሱ ሰዎችና የራሱ ሰዓት አለው። ሽማግሌዎች ማልደው፣ ገና ሳይነጋ መጥተው እስኪያረዱ ድረስ አገር ሁሉ ሰምቶ እናት አትሰማም። እሱም አበባ ያለበት ጨርቅ አስታቅፎ ሊሸኛት አንጀቱ እምቢ ብሎታል። ጆንያውን ተደግፋ ቆመች። ልጄ፣ ልጄ አለች በሆዷ። አጥብቃ ብትጠይቀው ይነግራት ነበር። ከነገራት ግን ኃይለ ገብርኤል እዚያው ገበያ መሃል ሊሞትባት ነው።

"ይሁን" አለችው። "ከሸጥከው ምን ይደረጋል። ሌላ ጊዜ ታመጣልኛለህ።"

"ኢንሻአላህ" አለ ሸሪፍ፣ ፊቱን እንዳዞረ።

ቤቷ ስትደርስ ጎረቤቷ ለተጊዮርጊስ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። የለተጊዮርጊስ ልጅ እሑድ ታገባለች፤ የሠርግ ቀሚሷ አስካለማርያም ዘንድ እጅጌው ሳይገባለት ተቀምጧል። የለተጊዮርጊስ ዓይን አብጧል፤ ጉንፋን ነው አለች። ቀሚሱን እንዲሁ ልውሰደው፣ ደብረ ብርሃን ሌላ ሰፊ ተገኝቷል ብላ ተንተባተበች።

አስካለማርያም አልፋት ገባችና ስፌት መኪናው ፊት ተቀመጠች። ክሩን መርፌው ላይ ለመሰካት ሞከረች፤ ሳተች፤ ደግማ ሳተች።

"ነይ፣ ስኪልኝ።"

"ተይው እባክሽ፣ አስካለ። ዛሬ ተይው።"

"ዛሬ ነው የምጨርሰው። ከነገ ጀምሮ መርፌ አልይዝም።"

ለተጊዮርጊስ ነጠላዋን አፏ ላይ አፍና ግድግዳውን ተደገፈች። "ማን ነገረሽ?" አለች።

"ማንም አልነገረኝም። ነገ ትነግሩኛላችሁ።"

ለተጊዮርጊስ መጥታ ክሩን ሰካችላት። አስካለማርያም እጅጌውን መርፌው ሥር አስተካክላ መዘውሩን ማዞር ጀመረች።