በረኛው የጠፋበት እሑድ

አቪሃይ ወደ ሱቁ ሲገባ ካሚል ታኬታ ሊገዛ የመጣ ሰው መስሎት ነበር። ደባርቅ ገበያ ውስጥ የስፖርት ጫማ ከሚሸጡት የካሚል ሱቅ ትልቁ ነው። ሊማሊሞ ክለብ ከፍተኛ ሊግ ገብቶ ተጫዋቾቹ ደመወዝተኛ ከሆኑ ወዲህ ደግሞ ከዳባትም ከአዳርቃይም የሚመጣ ወጣት ሁሉ መጀመሪያ የሚረግጠው የእሱን ደጃፍ ነው። ይህኛው ግን ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ልብሱ ከውጭ አገር የመጣ፣ አማርኛው የቤት አማርኛ ሆኖ የሆነ ቦታ ላይ የሚጎረብጥ ሰው ነበር።

«ካሚል አንተ ነህ?» አለ። ወዲያው ደንገጥ ብሎ «እርስዎ ነዎት?» ሲል አረመ።

«ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

«በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ለሊማሊሞ በቀኝ ክንፍ የተጫወቱት?»

ካሚል የያዘውን ካርቶን መደርደሪያው ላይ መለሰ። ያን ዓመት ፈገግ ብሎ የሚያነሣ የደባርቅ ሰው የለም።

«አንተ ማን ነህ?»

«አቪሃይ እባላለሁ። የሽበሺ ልጅ ነኝ፣ የበረኛው። የአባቴን ሜዳ ለማየት ነው የመጣሁት። የክለቡን የድሮ መዝገብም ካገኘሁ ደስ ይለኛል።»

ካሚል ወንበር አልሰጠውም። «እጠይቅልሃለሁ» ብሎ ሸኘው። ከኋላው ቆሞ ሲያየው አረማመዱ የሽበሺ ነበር፤ ክንዶቹን ከጎኑ ራቅ አድርጎ፣ ኳስ ሊመጣበት እንደሚጠብቅ ሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግንቦት ሰባ ስድስት ሊማሊሞ ወደ ክፍለ ሀገሩ አንደኛ ዲቪዚዮን ለማለፍ አንድ ጨዋታ ቀርቶት ነበር፤ አቻ መውጣት ይበቃዋል። በገዛ ሜዳው፣ እሑድ ከሰዓት፣ እስከ ሰባ አምስተኛው ደቂቃ ድረስ አንድ ለዜሮ መራ። ከዚያ በኋላ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሽበሺ ላይ ሁለት ጎል ገባ። በማግስቱ ሽበሺ የለም። ጨዋታውን ሸጦ ከእንግዳው ቡድን አውቶቡስ ጋር ሄደ ተባለ። ከጊዜ በኋላ የሽበሺ ወገን የሆኑት የአካባቢው ቤተ እስራኤሎች በሱዳን በኩል መውጣታቸው ሲታወቅም ወሬው አልተነቀነቀም። «ሸጦ ነው የወጣ» ሆነና አረፈ። ቡድኑ ተበትኖ ስድስት ዓመት ሙሉ ሜዳው ላይ ከብት ሲግጥበት ኖረ።

ከሁሉ በላይ የተቃጠለው ካሚል ነበር። ከሽበሺ ጋር ጓደኛሞች ነበሩ። ሃይማኖታቸው ስለሚለያይ አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም፤ ሽምብራ ግን ከአንድ ኪስ ይቆረጥሙ ነበር።

ካሚል በዚያው ቀን ወደ ክለቡ ቢሮ ሄደ። የክለቡ ፕሬዚዳንት አቶ ኪዳነ ማርያም ናቸው፤ ያን ጊዜ የቡድኑ አምበል ነበሩ። ክለቡ የተመሠረተበትን ሃምሳኛ ዓመት ሊያከብር ስለነበር የታሪክ መጽሐፍ ይዘጋጅ ነበር። አዘጋጆቹ እሳቸውና ካሚል፣ ጸሐፊዋ ደግሞ የሺወርቅ የምትባል ወጣት ነች።

«ጋሼ ኪዳኔ፣ የሽበሺ ልጅ መጥቷል።»

አቶ ኪዳነ ማርያም መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን ፈልጎ?»

«ሜዳውን ማየት። መዝገቡንም ጠይቋል።»

«ሜዳ ለማየት መዝገብ ምን ያደርግለታል? ሰውየውን አትቅረበው፣ ካሚል። ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ በደግ የሚመጣ የለም።»

ካሚል ራሱ ይህንኑ እያሰበ ነበር የመጣው። ከእሳቸው አፍ ሲሰማው ግን ደስ አላለውም። የእሳቸው ድምፅ የንዴት ሳይሆን የፍርሃት መሰለው።

በማግስቱ የሺወርቅ በሱቁ ስታልፍ ቆም አለች። «ጋሽ ካሚል፣ የሰባ ስድስትን ምዕራፍ እርስዎ ነዎት እንዲወጣ ያሉት?»

«ይውጣ ያለሽ ማን ነው?»

«ፕሬዚዳንቱ። ሙሉውን አጥፊው አሉኝ። ከሰባ አምስት ቀጥታ ወደ ሰማንያ ሁለት እንዲዘል።»

ያን ቀን ካሚል ለደንበኛ አርባ ሁለት ቁጥር ሲባል ሠላሳ ዘጠኝ እያወጣ ዋለ። ለዓመታት ዋጋ ሳይሰጠው የኖረ አንድ ነገር ትዝ ብሎታል። ጨዋታው ካለቀ በኋላ፣ ሰዉ ገና ሲጮህ፣ ኪዳነ ማርያም ከእንግዳው ቡድን አውቶቡስ ኋላ ቆሞ ከሾፌሩ ጋር በሹክሹክታ ሲያወራ አይቶት ነበር። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገርም ሰጥቶታል። ያኔ ካሚል ዓይኑ እንባ ሞልቶ ስለነበር ምንም አላለም። አሁን ግን ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠበት። ጨዋታውን የሸጠው አምበሉ ቢሆንስ? ሽበሺ በሌለበት ስሙን ለጅብ ሰጥቶ፣ እሱ ሠላሳ አምስት ዓመት ተከብሮ ኖሮ ቢሆንስ?

ማንንም ሳያማክር አቪሃይን ከሆቴሉ ጠራውና በሚኒባስ ወደ ኮሶዬ ወረዱ። የቡድኑ አሰልጣኝ የነበሩት መምህር ሰይፈ ሥላሴ እዚያ ነው የሚኖሩት። በመንገድ ላይ ካሚል ብዙም አላወራም። አቪሃይ ዳባት ሲደርሱ በመስኮት እያየ «አያቴ እታለም ሸክላ የምትሸጠው እዚህ ገበያ ነበር አሉ» አለ። «ሱዳን መጠለያ ውስጥ ነው ያረፈችው። እኔ አላወቅኋትም።»

ካሚል ፊቱን ወደ ሌላው መስኮት አዞረ።

መምህር ሰይፈ ሥላሴ ዓይናቸው ደክሟል። የአቪሃይን እጅ ይዘው በጣታቸው መዳፉን ዳሰሱት። «የበረኛ እጅ ነው» አሉ። «አባትህ ቅዳሜ ስለማይጫወት ሁሉንም ግጥሚያ እሑድ አስደርግ ነበር። በዚህ ስንት ሰው ተጣላኝ።»

«መምህር፣» አለ ካሚል፣ «ጨዋታውን ሸጧል?»

«እነዚያን ጎሎች ሺህ ጊዜ በልቤ መልሼ አይቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው ሲገባ ጉም ሜዳውን ሸፍኖት ነበር፤ እኔም ኳሷን አላየኋት። ሁለተኛው ላይ እግሩ ከመሬት አልተነሣም። ሦስት ቀን ያልተኛ ሰው እግር ነበር።»

«ለምን አልተኛም?» አለ አቪሃይ።

ሽማግሌው እጁን ለቀቁት። «ያን ለመናገር አልችልም፣ ልጄ። ለኪዳነ ማርያም ምዬለታለሁ። ለሾፌሩ የሰጠው ጃኬት የማን እንደነበር ጠይቁት።»

ካሚል በጋዜጣ ስለተጠቀለለው ነገር ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ሲመለሱ ቡድኑ ልምምድ ላይ ነበር። አቶ ኪዳነ ማርያም ከሜዳው ዳር አግዳሚ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ያያሉ። ሁለቱ ሲመጡ አይተው ሊነሡ ቃጡና ተዉት።

«ጋሼ ኪዳኔ፣» አለ ካሚል ሳይቀመጥ፣ «ለአውቶቡሱ ሾፌር የሰጡት ጃኬት የማን ነበር?»

አቶ ኪዳነ ማርያም ወደ አቪሃይ ዞሩ። «የአባትህ ነው። ዐርብ ዕለት ቤቴ መጣ። እሑድ ሲመሽ ከእናቱና ከመንደሩ ሰው ጋር እንደሚወጣ ነገረኝ። ‹አትጫወት፣ እረፍ› አልኩት። ‹ከሜዳ ከቀረሁ ገና እሑድ ይጠረጥሩናል፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በረኛ ነኝ› አለኝ። ሕፃናትና ሽማግሌ ይዘው አርማጭሆን እስኪያልፉ ቢያንስ ሁለት ቀን ያስፈልጋቸው ነበር። ጃኬትህን ስጠኝ አልኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። ሾፌሩ ዘመዴ ነው፤ ጎንደር አንድ አልጋ ቤት ውስጥ ትቶልኝ ሄደ። ሰኞ ካድሬዎቹ ጠርተው ‹በረኛችሁ የት አለ?› ሲሉኝ፣ ጨዋታውን ሸጦ ከአውቶቡሱ ጋር ወደ ጎንደር ሄደ አልኳቸው። ሄዱ፣ ጃኬቱን አገኙ፣ ሦስት ቀን እዚያው ሲያስሱ ቆዩ።»

«እኛስ?» አለ ካሚል። «ለእኔ እንኳ?»

«ላንተ ማለት ለከተማው ማለት ነበር። አንተ ስትናደድ ነው ሌላው ያመነኝ።»

«ደርግ ከወደቀ በኋላስ?»

«መጀመሪያ ፈራሁ። ኋላ አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ፕሬዚዳንት ሆንኩ፤ ከተማውን ሙሉ የዋሸ ሰው ማን ያከብረዋል? ደግሞ አንተ ያን ሰኞ ያደረግኸውን ሰምቼ ነበር፣ ካሚል። ብነግርህ እንዴት ትኖረዋለህ?»

አቪሃይ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን አየ። «ምን አደረጉ?»

«መጀመሪያ አባትህ ጋ ደውል» አለ ካሚል።

ሽበሺ እስራኤል፣ አሽቀሎን ከተማ ከሚገኘው ቤቱ ስልኩ ላይ ብቅ አለ፤ ራሱ ነጭ፣ አገጩ ግን ያው። አቶ ኪዳነ ማርያም ቆመው ሁሉንም ነገሩት።

«ለካ ማንም ያልተከተለን ለዚህ ነው» አለ ሽበሺ። «እናቴ ‹እግዚአብሔር ዓይናቸውን ያዘልን› እያለች ነው የሞተችው።» «ሌባ እንደምትሉኝ ግን ከመጣ ሰው ሁሉ እሰማ ነበር። ልጄ ኳስ ሲጫወት አንድ ቀን ሄጄ አላየሁትም። ኪዳኔ፣ አመሰግንሃለሁ። ይቅር ለማለት ግን ጊዜ ስጠኝ።»

ካሚል ስልኩን ተቀበለ። «ሽበሺ፣ ሰኞ ዕለት እኔ ነኝ ሰው አስከትዬ ቤታችሁ የሄድኩት። ቤቱ ባዶ ሲሆን የእናትህን ማሰሮዎች በሙሉ ሰባበርኳቸው።»

«ተደርድረው ነበር?»

«አዎ። ግድግዳውን ተደግፈው።»

«ለጎረቤት ብላ አጥባ ነው የደረደረቻቸው» አለ ሽበሺ። ሌላ ቃል ሳይጨምር ስልኩን ዘጋ።

አቪሃይ ከሁለቱ ጋር አልተሰናበተም፤ ብቻውን ሄዶ ከጎሉ ብረት ሥር ቆመ፣ ተጫዋቾቹ ኳስ እስኪያቀብሉት ድረስ።

በተከታዩ እሑድ፣ ጨዋታው ሳይጀመር፣ አቶ ኪዳነ ማርያም በድምፅ ማጉያ ለሕዝቡ ያንኑ ተናገሩ። ጥቂቱ አጨበጨበ። ብዙው ዝም አለ። አንድ ሰው ከኋላ «ዛሬ ትዝ አለዎት?» ብሎ ጮኸ። የሺወርቅ ምዕራፉን መለሰችው፤ አቶ ኪዳነ ማርያምም የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ከሥልጣናቸው ወረዱ። የገፋቸው አልነበረም፤ የለመናቸውም አልነበረም።

ካሚል ነገሩ በዚህ የሚበርድ መስሎት ነበር። ገበያው ግን አዲስ ወሬ አበቀለ። ልጁ ሁለቱንም ወደ እስራኤል ሊወስዳቸው ቃል ገብቶላቸው ነው ተባለ። ሌላው ደግሞ ጃኬት የሚባል ነገር ከነጭራሹ አልነበረም አለ። ካሚል መጀመሪያ ይከራከር ነበር፤ በኋላ ተወው። ጥርጣሬ እንዴት እንደሚጣፍጥ ከእሱ የበለጠ የሚያውቀው አልነበረም፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ እሱን ሲቆረጥም ነው የኖረው።

ከሁለት ወር በኋላ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ለአንድ ጎልማሳ ጫማ እያስለካ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የውጭ ቁጥር ነበር።

«አሁን በረኛችሁ ማን ነው?» አለ ሽበሺ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ።

ካሚል ከበርጩማው ላይ ቁጭ አለ። «ቃለ አብ የሚባል የዳባት ልጅ። ረጅም ነው።»

«ከማዕዘን ኳስ ስትሻማ ይወጣል?»

«አይወጣም። መስመሩ ላይ ተተክሎ ይቀራል።»

«ታዲያ ንገሩት እንጂ! ረጅም ሆኖ መስመር ላይ ምን ይሠራል?»

ካሚል ሳቀ፤ ሲስቅ ዓይኑ ሞላ። ደንበኛው አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ እንዳለ አንጋጦ ያየዋል።

«ከማን ጋር ነው?» አለ በቀስታ።

«ከሽበሺ። ከበረኛው።»

ሰውየው ጫማውን አወለቀ፣ የራሱን አጠለቀ፣ «ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። ካሚል አልጠራውም። ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛውሮ «ቀጥል፣ እየሰማሁህ ነው» አለ።